ሰማንያው ሳይቀደድ የፈረሰ ትዳር

አንድ ባልንጀራ አለን። ከዩኒቨርሲቲ የወጣነው በአንድ ዓመት ሲሆን፣ ዛሬ እሱ በአንድ መሥሪያ ቤት ፋይል ሲያገላብጥ ይውላል፤ እኛ ደግሞ ይህን ዐምድ ለመሙላት እንጣጣራለን። ከጥቂት ወራት በፊት ከሥራ በኋላ በአንዲት ቡና ቤት ስንገናኝ ፊቱ ጠቁሮ አየነውና «ምነው፣ ክፉ ነገር ሰማህ እንዴ?» ብለን ጠየቅነው። «ትዳሩን አፈረሱበት!» አለን። የማንን ትዳር እንደ ሆነ ብንጠይቀው «የስፓይደር ማንን» ሲል መለሰልን። ምን እንሸሽጋለን፤ ሳቅንበት።

ባልንጀራችን ግን አብሮን አልሳቀም። ይህ ሰው ከተማሪነቱ ዘመን ጀምሮ የስፓይደር ማንን የሥዕል ታሪክ ከመጀመሪያው ቁጥር አንሥቶ በተራ በተራው ሲያነብ የኖረ ነው። ሌሊት በስልኩ ብርሃን፣ ጧት ደግሞ በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ እያነበበ ከአምስት መቶ አርባ ቁጥር በላይ ጨርሷል። «አንተስ ብትሆን» አለን፣ «የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ቢሮ ጠርቶ ‹ዲግሪህን አልነጠቅንህም፤ ነገር ግን አንተ እዚህ ግቢ ገብተህ አታውቅም› ቢልህ ትሥቅ ነበር?» ለዚህ መልስ ስላጣን ያንኑ ታሪክ ራሳችን ለማንበብ ተነሣን። እነሆ፣ አሁን አንሥቅም።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ከሥሩ ማስረዳት ይገባናል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስፓይደር ማን፣ የሸረሪት ሰው ማለት ነው፣ የተወለደው በ1962 በአሜሪካን አገር፣ ዋጋው 12 ሳንቲም በሆነ አንድ መጽሔት የመጨረሻ ቁጥር ላይ ነበር። መጽሔቱ ከዚያ ወዲያ ተቋረጠ፤ ልጁ ግን ቀረ። ደራሲው ሚስተር ስታን ሊ፣ ሠዓሊው ሚስተር ስቲቭ ዲትኮ ነበሩ። ፒተር ፓርከር የሚባለው ይህ ልጅ በኒው ዮርክ ከተማ በኩዊንስ ሰፈር ከአጎቱ ከቤንና ከአክስቱ ከወይዘሮ ሜይ ጋር የሚኖር፣ እናትና አባት የሌለው የ15 ዓመት ተማሪ ነው። ጨረር ያገኘው ሸረሪት ነክሶት የሸረሪትን ጉልበት ባገኘ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰበው ገንዘብ ማግኘትን ነበር። አንድ ቀን አንድ ሌባ በፊቱ ሲሮጥ ለማስቆም ሲችል «ምን አገባኝ» ብሎ አሳለፈው። ያው ሌባ በኋላ አጎቱን ገደለ።

አንባቢ ይህችን ነጥብ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለንና። የዚህ ልጅ ታሪክ ሁሉ የተሠራው ሊመለስ በማይችል በአንድ ጥፋት ላይ ነው። ሌባውን መልሶ ማስቆም አይቻልም፤ አጎቱን መልሶ ማንሣት አይቻልም። የሚቻለው ነገ የተሻለ ሰው መሆን ብቻ ነው። በዚያን ዘመን የነበሩት ሌሎች ጀግኖች ከሌላ ዓለም የመጡ ወይም ከሀብታም ቤት የተወለዱ ሲሆኑ፣ ይህኛው የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው፣ ልብሱን ራሱ የሚሰፋ፣ ጉንፋን የሚይዘው ልጅ ነበር። ተማሪዎች የወደዱትም ስለዚህ ይመስለናል።

ከዚህም በላይ ልጁ ያድግ ነበር። ይህ በሥዕል ታሪክ ዓለም ያልተለመደ ነገር ነው። በ1962 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረው ፒተር በ1965 ትምህርቱን ጨርሶ ኮሌጅ ገባ። አንባቢው ሦስት ዓመት ሲያድግ እሱም ሦስት ዓመት አደገ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሰዓቱ እየተጎተተ ሄደ። ኮሌጅ ገብቶ የምረቃው ቀን እስኪደርስ 13 ዓመት ፈጀበት፤ በ1978 ጋውኑን ለብሶ ከመጣ በኋላም አንድ የስፖርት ትምህርት እንደ ጎደለው ተነገረው። ይህን ስናነብ እኛ ራሳችን ሬጅስትራር ቢሮ ደጃፍ የቆምንባቸውን ቀኖች አስታውሰን እጅግ አዘንንለት።

ቢዘገይም ሕይወቱ ወደ ፊት ይሄድ ነበር። በ1973 የሚወዳት ግዌን ስቴሲ የምትባል ልጅ ከድልድይ ላይ ስትወድቅ ሊያድናት ሞክሮ ሞተችበት። በዚያን ጊዜ አንባቢዎች እጅግ ተቈጥተው እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ያ ታሪክ ከጠቅላላው የስፓይደር ማን ታሪክ ከሁሉ ከሚደነቁት አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። ስለዚህ «አንባቢዎች ለውጥ አይወዱም» የሚሉት ሰዎች ነገሩን በሚገባ የመረመሩት አይመስለንም። አንባቢ ሞት ሲደርስ ያለቅሳል፤ ቢያለቅስም ያነባል። ግዌን ከሞተች በኋላ ያች ቀልደኛና ጭፈራ ወዳድ የነበረች ሜሪ ጄን ዋትሰን ከፒተር ጋር በኀዘኑ ተቀመጠች፤ ከዚያም በብዙ መለያየትና መታረቅ መካከል በ1987 ተጋቡ። ኩባንያው ነገሩን እንደ እውነተኛ ሠርግ አድርጎ በዚያው ዓመት ሰኔ 5 ቀን በኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም፣ በቤዝ ቦል ተመልካች ፊት፣ ተዋንያንን ሙሽራና ሙሽሪት አድርጎ አቀረበ። አጋቢው ሚስተር ስታን ሊ ራሳቸው ነበሩ። እንግዲህ በስታዲየም ሙሉ ምስክር ፊት የተፈጸመ ጋብቻ ነው።

ትዳሩ 20 ዓመት ቆየ። አንባቢዎች በዚህ መካከል ራሳቸው አገቡ፣ ልጅ ወለዱ፣ ፀጉራቸው ሸበተ። በ1987 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ አንባቢ በ2007 የ35 ዓመት የቤት አባወራ ሆኗል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ባልንጀራችንን ያጠቈረው ነገር የመጣው።

በ2006 ፒተር ጭምብሉን አውልቆ ማንነቱን ለዓለም ገለጸ። በዚህ ምክንያት ጠላቱ የቀጠረው ነፍሰ ገዳይ በሱ ላይ የተኰሰው ጥይት አክስቱን ወይዘሮ ሜይን መታቸው። ሐኪሞች ሊያድኗቸው አልቻሉም። በዚህ ጊዜ ሜፊስቶ የሚባል ሰይጣን ከፒተርና ከሜሪ ጄን ፊት ቀረበና ውል እንግባ አላቸው። ነፍሳችሁን አልፈልግም፤ የምፈልገው ትዳራችሁን ነው፤ እሱን ብትሰጡኝ አሮጊቷን አድናለሁ አለ። ትዳሩ የሚፈርሰው ደግሞ እንደ ሰው በፍቺ አይደለም። ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ይሆናል፤ ሁለቱም አያስታውሱትም፤ ከነፍሳቸው አንዲት ጥቂት ክፍል ብቻ ምን እንደ ጎደላት ሳታውቅ ለዘለዓለም ታለቅሳለች፤ የሰይጣኑ ደስታም ያችን ልቅሶ መስማት ነው። ይወለዱ የነበሩትን ሴት ልጅ እንኳ አሳይቶ ነጠቃቸው። ባልና ሚስቱ ተመካከሩ፣ ተላቀሱ፣ በመጨረሻ እሺ አሉ። በቁጥር 545፣ በ2007 ማለቂያ ላይ፣ ፒተር ፓርከር በአክስቱ ቤት ወንደላጤ ሆኖ ከእንቅልፉ ነቃ። በ1993 የሞተው ጓደኛው ሃሪ ኦስቦርን እንኳ ከአውሮፓ መጣሁ ብሎ በሕይወት ድግስ ላይ ተገኘ! በ2021 በሲኒማ የታየውን ፊልም ያየ አንባቢ በመጨረሻው ሰዓት ዓለም ሁሉ ፒተርን በአስማት ሲረሳው አይቷልና የነገሩ ጣዕም ይገባዋል፤ በፊልሙ ግን የፈረሰ ትዳር የለም።

ይህን ያደረጉት ሰዎች ምክንያት አልነበራቸውም አንልም። በዚያን ጊዜ የማርቭል ኩባንያ ዋና አዘጋጅ የነበሩትና ይህንኑ ታሪክ ራሳቸው የሣሉት ሚስተር ጆ ኬሳዳ፣ ያገባ ስፓይደር ማን ለወጣት አንባቢ ሩቅ ነው፤ ብናፋታው ወይም ሚስቱን ብንገድልበት ደግሞ የባሰ ያረጃል የሚል አሳብ ነበራቸው። አሳቡ የቂል አሳብ አይደለም። በ1962 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው እንደ ሰው ቢቈጠርለት ዛሬ ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሽማግሌ ነው፤ ከፎቅ ወደ ፎቅ መዝለሉ ቀርቶ ደረጃ መውጣቱም ያስቸግረው ነበር። ኩባንያው ደግሞ በየወሩ የሚሸጥ ነገር ይፈልጋል። ታሪኩ ማለቅ አይችልም፤ ማለቅ የማይችል ታሪክ ደግሞ እንዴት ወደ ፊት ይሄዳል? ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ እኛ በነሱ ወንበር ብንቀመጥ ምን እናደርግ እንደ ነበር ለመናገር አንደፍርም።

ነገር ግን ምክንያታቸውን ልብ ብለን ብንመለከተው አንድ እንግዳ ነገር እናገኝበታለን። ፍቺን የፈሩት ፍቺ የኖረ ሰው ምልክት ስለ ሆነ ነው። በኛ አገር ሰማንያ ሲቀደድ እንኳ ወረቀቱ ይቀደዳል እንጂ የኖሩት ዘመን አይቀደድም፤ ሽማግሌዎቹ አሉ፣ ሠርጉን የበላው ጎረቤት አለ፣ ልጆች አሉ። እነሱ ግን የፈለጉት ምንም ያልደረሰበት ሰው ነው። እንግዲህ ከላይ አንባቢ እንዲይዝልን የለመንነው ነጥብ እዚህ ይመጣል። ጥፋቱን መልሶ ሊያስተካክል ባለመቻሉ ጀግና የሆነው ልጅ፣ አሁን በሰይጣን እጅ ያለፈውን መልሶ አስተካከለ። አጎቱን ለማንሣት ያልተፈቀደለት ሰው አክስቱን ለማዳን ተፈቀደለት፤ ዋጋውንም ከፍሎ መክፈሉን ረሳ። ዋጋ ከፍሎ የማያስታውስ ሰው ምን ኀላፊነት አለበት? እኛ በነገሩ የተቈጣነው ስለ ትዳሩ ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ስለዚህ ነው። ባልንጀራችን ግን የሜሪ ጄን ነገር ነው የሚያንገበግበው፤ በዚህ ገና አልተስማማንም።

የሚያስገርመው ደግሞ የወይዘሮ ሜይ ነገር ነው። እኚህ አክስት በ1995 በቁጥር 400 ላይ እጅግ በሚያምር አኳኋን ሞተው ነበር። ፒተርም አንባቢውም አልቅሶ ቀብሯቸዋል። በ1998 ግን የሞተችው እሳቸውን መስላ የቀረበች ተዋናይት ናት ተብሎ ተመለሱ! እንግዲህ ለአንድ ጊዜ በሚገባ ለተለቀሰላቸው ሴት ሲባል ነው የ20 ዓመት ትዳር የተሸጠው። በዕድር ደንብ ቢሆን ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድንኳን አይተከልም።

የታሪኩ ደራሲ ሚስተር ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ ራሳቸው አፈጻጸሙን አልወደዱትም። ከአራቱ ቁጥሮች በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ ስማቸው እንዳይወጣ ፈልገው እንደ ነበረና በኋላ እንደ ተመለሱ በአደባባይ ተናግረዋል። ከ2001 ጀምሮ ይህንኑ ባልና ሚስት ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸውና ኀዘናቸው ይገባናል። የዚህ ሁሉ ሥር ባለቤትነት ነው። ሱፐር ማንን የፈጠሩት ሁለቱ ወጣቶች፣ ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር፣ መብታቸውን በ1938 ለኩባንያው የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሙያ ጀግናው የኩባንያው ርስት ነው። ጸሐፊው በዚያ ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ነው፤ አንባቢውም ቢሆን ሃያ ዓመት እህሉን ስለ በላ መሬቱ የሱ አይሆንም። ባለርስቱ አጥሩን አፍርሶ ሌላ ቢያጥር ማን ይከሰሳል?

ሱፐር ማንም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ኩባንያው ዲሲ በ1985 እና በ1986 በ12 ቁጥር ባወጣው ታላቅ ታሪክ የብዙ ዓለማትን ነገር አንድ አደርጋለሁ ብሎ ግማሹን ዓለም ሠረዘ። በዚያ የሞተችው የሱፐር ማን የአጎት ልጅ ሱፐር ገርል ከዚያ በኋላ ከነጭራሹ እንዳልነበረች ተቈጠረች። በ1996 ሎይስ ሌንን አገባ፤ በ2011 ኩባንያው መጽሔቶቹን ሁሉ እንደገና ከቁጥር 1 ሲጀምር ይህም ጋብቻ ጠፋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያገባው ሱፐር ማን ከነልጁ ተመለሰ።

አንባቢው ሲጮህ የሚሰማው አለ ወይ? አንዳንድ ጊዜ አለ። በ1988 ዲሲ የባት ማን ረዳት የነበረው ጄሰን ቶድ ይሙት ወይስ ይዳን ብሎ በስልክ ድምፅ አሰጥቶ ነበር፤ 5,343 ይሙት አሉ፣ 5,271 ይዳን አሉ። በ72 ድምፅ ልጁ ተገደለ። ይህ ዓይነቱ ዳኝነት እኛን አያስደስተንም፤ ደራሲ ፍርዱን ለሕዝብ ጥሎ ሲሸሽ ይመስለናል። ከዚህ የሚሻለው የሌላይቱ ልጅ ነገር ነው። ፒተርና ሜሪ ጄን በዋናው ታሪክ ያጡት ልጃቸው ብትድንስ ኖሮ በሚል አሳብ ሜይ የምትባል ልጃቸው ራሷ ጀግና ሆና በ1998 የራሷ መጽሔት ተጀመረላት። ኩባንያው ከአንድ ጊዜ በላይ ሊዘጋው ሲል አንባቢዎች እየለመኑ አስቀጠሉት፤ እስከ 2006 ድረስ 100 ቁጥር ወጣ። በዚያ መጽሔት ውስጥ ፒተር አባወራ ነው፤ ሚስቱም አብራው ናት።

በጋዜጣ የምንሠራ እንደ መሆናችን ከሁሉ የወደድነው ግን የሚከተለውን ነው። ስፓይደር ማን ከመጽሔቱ ሌላ ከ1977 ጀምሮ በአሜሪካን ጋዜጦች ላይ በየቀኑ በጥቂት ሥዕሎች ይወጣ ነበር። በዚያም ተጋብተው ይኖሩ ነበር። በ2009 መጀመሪያ ላይ የጋዜጣው ፒተርም እንደ መጽሔቱ በድንገት ወንደላጤ የኮሌጅ ተማሪ ሆነ። የጋዜጣ አንባቢ ደግሞ የመጽሔት አንባቢ አይደለም፤ ቁርሱን እየበላ ባልና ሚስቱን ለማየት የለመደ ሰው ነው፤ ልማዱ ሲነካበት ዝም አይልም። ነገሩ አልተወደደም። በግንቦት ወር ፒተር ከሚስቱ ጎን ነቃና ያ ሁሉ ሕልም ነበር አለ! አምስት ወር የፈጀ ሕልም መሆኑ ነው። ይህ የደራሲ ሽንፈት ነው የሚል ይኖራል። እኛ ግን በዚያን ቀን ጧት ጋዜጣውን ገልጦ «ተመስገን» ያለውን ሰው ለማየት ብንችል ደስ ይለን ነበር።

በመጽሔቱ ግን ሕልም ነው ያለ የለም። ጋብቻው በምን አኳኋን እንደ ቀረ በ2010 በአራት ቁጥር ተብራራ፤ ለኛ እንደ መሰለን ማብራሪያው ቊስሉን ከማዳን ይልቅ ቅርፊቱን አነሣው። በዚያው መካከል፣ በ2009፣ ማርቭልን የዲስኒ ኩባንያ በ4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገዛው። ጠፋ የተባለው ትዳር ግን አልፎ አልፎ በሌላ በር ብቅ ይላል። በ2015 ትዳሩ ባይፈርስ ኖሮ የሚለው ታሪክ ለብቻው ወጣ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሚስተር ጆናታን ሂክማን በጻፉት፣ ሚስተር ማርኮ ኬኬቶ በሣሉት አዲስ መጽሔት፣ በሌላ ዓለም የሚኖር ፒተር ጢሙን አስረዝሞ፣ ከሜሪ ጄን ጋር ተጋብቶ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ቀረበ። የመጀመሪያው ቁጥር ተሽጦ ስላለቀ ደጋግሞ ታተመ። ያገባ ስፓይደር ማን ለወጣት አይጥምም የተባለው እንዴት ሆነ ብለን ብንጠይቅ ይፈረድብናልን?

ይህን መጽሔት አግኝተን ለባልንጀራችን ወሰድንለት። ሁለት ሌሊት ያዘው። በሦስተኛው ቀን በዚያችው ቡና ቤት ተገናኝተን እንዴት አገኘኸው ብንለው መልካም ነው አለ፤ ልጆቹም ደስ ይላሉ፤ ጢሙ ግን አልተስማማውም አለ። ከዚያም ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተና ቡናውን እያማሰለ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ።

«አሁን» አለን፣ «ይህኛውንስ እስከ ስንት ቁጥር ይተዉለታል?»